በቦሌ ምሥራቅ ዳርቻ ያገለገለ ትንሽ ትራክተር ስለ መግዛትና ለሥራ ስለ ማሰናዳት

ከቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ፎቁንና ሆቴሉን፣ ቀጥሎም የቦሌ አራብሳን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ካለፈ በኋላ ጥቁር አፈር ካለበት የእርሻ አገር ይደርሳል። ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት ከነበረው መሬት ብዙው ዛሬ ቤት፣ መንገድና የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ መንደር ሆኗል። ማሳው ለከተማው የተወሰደበት ገበሬ በካሣው ገንዘብ ምን ይሥራ የሚለው ጥያቄ በዚህ አካባቢ በየቤቱ ይነሣል። አንዳንዱ የሚከራይ ክፍል ይሠራል፤ አንዳንዱ ባጃጅ ይገዛል፤ ጥቂቱ ደግሞ ከእርሻ መለየት አልሆንለት ብሎ ያገለገለ ትንሽ ትራክተር ገዝቶ ገና መሬት ላላቸው ጎረቤቶቹ በኪራይ ማረስ ይጀምራል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን የመጨረሻዎቹን ነው። ገንዘቡ የመሬት ምትክ ስለሆነ፣ ግዢው ከተበላሸ ሁለተኛ ካሣ የሚከፍል የለም።

ትራክተር የገበሬን ኑሮ ሲያናጋ በአገራችን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ከተቋቋመ በኋላ፣ ባለርስቶች ትርፉን አይተው በትራክተር ራሳቸው ማረስ ስለ ጀመሩ ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተነቅለዋል። በቦሌ ዳርቻ ግን ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል፤ መሬቱ አስቀድሞ ሄደ፣ ትራክተሩ በኋላ መጣ።

ትንሽ ትራክተር ስንል ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ አራት ጎማ ማለታችን ነው። እዚህ ላይ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ፣ ሻጭም የማይነግረው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አየሩም ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል እንደሚያጣ ይታሰባል። ስለዚህ በሳህኑ ላይ 25 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው እዚህ ወደ 19 ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ በማርሽና በጎማ መንሸራተት የሚባክነው ሲቀነስ፣ ማረሻውን ለመሳብ የሚተርፈው ከግማሹ እምብዛም አይበልጥም፤ ይኸውም 9 ተኩል ገደማ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ። የምሥራቅ አዲስ አበባ ጥቁር አፈር ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የአንድ ዲስክ ትልም ወርዱ 25 ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከባዱ አፈር በካሬ ሳንቲ ሜትር ዘጠኝ ዐሥረኛ ኪሎ ያህል ይቋቋማል ብንል፣ ትራክተሩ 340 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት። ሁለት የአገራችን በሬዎች ተጠምደው ሳያርፉ የሚስቡት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ነው፤ ደግሞም ማረሻችን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ያ 340 ኪሎ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲሳብ ከ6 የፈረስ ጉልበት በላይ ይጠይቃል። እንግዲህ ባለ 25ቱ ትራክተር አንድ ዲስክ በደኅና ይጎትታል፤ ሁለት ቢታሠርበት ከ12 በላይ ስለሚያስፈልገው ያቃስታል፣ ጥቁር ጢስ ይተፋል፣ ጎማውም ባለበት ይዞራል። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ «በነጻ ጨመርሁልህ» የሚል ሻጭ የጨመረው ብረት ብቻ ነው።

ይህ አፈር በዚሁ በምሥራቁ ከተማ ብዙ ተደክሞበታል። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ ጉርድ ሾላ በሚገኘው በዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ውስጥ የተጠቃለለው የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ሁለት የአገር ማረሻ በማጣመር ከፍ ያለ መደብና የውሃ መውረጃ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። የትራክተር ባለቤትም ከዚህ የሚማረው አለ፤ በዚህ አፈር ላይ ጥልቅ አርሶ ውሃው የሚወጣበትን መንገድ አለማበጀት ሰብሉን ማስጠም ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ካነጋገርናቸው ገዢዎች መካከል ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለለ አንድ አባት ነበሩ። ትራክተሩን ያዩት ከቀትር በኋላ ነው፤ ቀለሙ አዲስ፣ ሞተሩም እየሠራ ነበር። «ገና ስንደርስ እየዘፈነ ጠበቀን» አሉን እየሣቁ። ያ ዘፈን ነው ያታለላቸው። የሞቀ ሞተር በቀላሉ ይነሣል፤ ስለዚህ ገዢው ማለዳ ሄዶ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት እጁን አኑሮ ቀዝቃዛ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ከተነሣ በኋላ ጢሱን ይመልከት። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ የፋሻና የሲሊንደር ማለቅ ነው። ነጭ ጢስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱን ወይም የናፍጣው አረጫጨት መበላሸቱን ያስጠረጥራል። ጥቂት ጥቁር ጢስ ግን በእኛ ከፍታ የተለመደ ስለሆነ ብቻውን አያስፈራ፤ አስቀድሞ የአየር ፊልትሮው ይታይ። ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ በውሃው ላይ ዘይት መኖር አለመኖሩን፣ የዘይቱን መለኪያ መዝዞም ዘይቱ እንደ ወተት መንጣት አለመንጣቱን ማየት ያሻል። ክዳኑ ራሱ በደንብ መግጠም አለበት፤ እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው ራዲያተር በእርሻ መካከል ይገነፍላል።

የሰዓት ቆጣሪው ይለወጣል፣ ይነቀላል። የማይዋሸው የፍሪሲዮንና የፍሬን መርገጫው ነው፤ ቆጣሪው 900 ሰዓት እያለ መርገጫው ተበልቶ ብረቱ ካብለጨለጨ እግሩን እንመን። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ከመሬት አንሥቶ ማወዛወዝ፣ ፍሪሲዮኑ መንሸራተቱን በከባድ ማርሽ መሞከር፣ በመጨረሻም ማረሻውን በኃይድሮሊኩ አንሥቶ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። ማረሻው ባለበት ጥቂት ከቆየ መልካም ነው፤ ወዲያው ወደ መሬት ከሰመጠ የኃይድሮሊኩ ጎሚኒ ወይም ቫልቭ አልቋል። እኒያ አባት ይህን የመጨረሻውን አልሞከሩም ነበር፤ ማረሻው በመጀመሪያው ቀን ከመንገድ ላይ ወርዶ አስፋልት ጭሯል።

መለዋወጫን በተመለከተ ለጃፓን የሩዝ እርሻ ብቻ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ትራክተሮች ለዓይን ያምራሉ፤ ነገር ግን ጽሑፋቸው በጃፓንኛ፣ የሞዴል ቁጥራቸውም ለውጭ ገበያ ከሚሠራው የተለየ ስለሆነ አንድ ጓርኒሲዮን መፈለግ የሳምንት ሥራ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ በአገሩ የታወቀ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን ሰውነቱ ቢያረጅም መካኒኩ ያውቀዋል። በእኛ አስተያየት ከአንድ ጥሩ ሞተር ሁለት ጥሩ የመለዋወጫ ሱቅ ይሻላል።

ትራክተሩ ቤት ከገባ በኋላ ያለውን ሥራ ሰዎች ይንቁታል። ሞተሩ ምንም ቢመስል ዘይቱ፣ የካምቢዮው ዘይትና ፊልትሮዎቹ ሁሉ ይለወጡ። የናፍጣው ፊልትሮ ሲለወጥ አየር ስለሚገባ፣ የማስተንፈሻ ብሎኑን ላላ አድርጎ በእጅ ፖምፓ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ መግፋት ያስፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ባትሪውንና ሞተሪኖውን ሲያደክም ይውላል።

ከዚህ በኋላ የማረሻው መታሠሪያ ይመጣል። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የአየርላንድ ሰው ከ1946 እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) በተሠራው ትንሹ ትራክተሩ ያስፋፋው ባለ ሦስት ክንድ መታሠሪያ ዛሬ የዓለም ልማድ ሆኗል፤ ልኩ ግን አንድ አይደለም። የትንሹ ትራክተር የታችኛው ክንድ ፒን ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ሲሆን የትልቁ 28 ነው። ትንሹን ፒን በትልቁ ቀዳዳ አስገብቶ በሽቦ ማሠር በየቦታው አይተናል፤ ማረሻው ይዋልላል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። መፍትሔው በቶርኖ ቤት የሚሠራ ቀለበት ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። የላይኛው ክንድ ሲያጥር የማረሻው አፍ ወደ መሬት ይደፋል፣ ሲረዝም ይንጋለላል፤ የሁለቱ የኋላ ጎማዎች ርቀትም አንደኛው በትልሙ ውስጥ እንዲሄድ ተደርጎ ይስተካከላል። ማረሻው ሲነሣ የፊት ጎማ ከቀለለ ከፊት ክብደት ይታሠር።

ስለ መገልበጥ አለመናገር ነውር ነው። ሰንሰለት ከኋላው መጥረቢያ በላይ ታሥሮ ከባድ ነገር ሲጎተት ትራክተሩ ፊቱን አንሥቶ በነጂው ላይ ይገለበጣል፤ ነጂው ለመዝለል ጊዜ አያገኝም። ሲዊድን በ1959 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ ትራክተር ሁሉ ላይ የመከላከያ ብረት እንዲኖር በሕግ ካዘዘች ወዲህ በዚህ ምክንያት የሚሞተው ሰው እጅግ ቀንሷል። በገበያችን ባየናቸው አሮጌ ትራክተሮች ግን ብረቱ ወይ አልተሠራላቸውም፣ ወይ «ዛፍ ይነካል» ተብሎ ተነቅሏል። ገዢው ዋጋ ሲከራከር ይህን ብረት ከነቀበቶው ይጠይቅ፤ የጎተራ ብረት በጥብጦ የሚበይድ ሁሉ ሊሠራው አይችልምና። ትርፍ ሰው በፓራፋንጎው ላይ አለመጫኑም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

እኒያ አባት ኃይድሮሊኩን ካሠሩ፣ ሁለተኛውን ዲስክ ከፈቱና ቀለበቶቹን በቶርኖ ካስወጡ በኋላ ትራክተሩ መሥራት ጀምሯል። ለሁለተኛ ጊዜ ስናገኛቸው የአራብሳ ጎረቤታቸውን ማሳ አርሰው ጨርሰው፣ ልጃቸው ከጎማው ጭቃ በዱላ ሲፍቅ እርሳቸው የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዘው እስኪቀዘቅዝ ቆመው ነበር። «ጋሼ፣ ከበሬ ይሻላል?» ብለን ጠየቅናቸው። «በሬ ቢሆን ይኼኔ ሣር ይበላል» አሉና ነገ ማለዳ ናፍጣ ከየት እንደሚገኝ ልጃቸውን ይጠይቁት ጀመር።