የጳጉሜን ልጅና ዳታቤዝ

ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በሁለት ሺህኛው ዓመት ዋዜማ፣ ፀሐይ የምትባል ልጅ በብልባላ ተወለደች እንበል። የትምህርት ቤት ጸሐፊ የልደቷን ቀን በኮምፒዩተር 13ኛ ወር ብሎ ቢጽፍ ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል፤ ለቀን የተመደበው ዓምድ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን 12 ወር ብቻ ነውና። ጥቅምት 30ም በቁጥር ሲጻፍ ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ስለሚሆን አይገባም፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም። የሚከፋው ግን ዝም ብሎ የሚገባው ነው። ጸሐፊው ቸግሮት በማግሥቱ ባለው ቀን 1/1/2000 ብሎ ቢመዘግባት ጃንዩዋሪ 1 ቀን 2000 ተብሎ ይቀመጥና ልጅቱ በመዝገብ ላይ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ታረጃለች።

ይህ ለምን ይሆናል? ፕሮግራም ጸሐፊው «ተማሪ» የሚል ኦብጀክት ሠርቶ ስምና የልደት ቀን ይሰጠዋል። ዳታቤዙ ግን ሠንጠረዥ፣ ረድፍና ዓምድ እንጂ ኦብጀክት አያውቅም። በመካከላቸው ያለው አስተርጓሚ ኦ አር ኤም ይባላል። ለፓይተን ጃንጎ ውስጥ ይገኛል፤ ለጃቫ ደግሞ ጋቪን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ሃይበርኔት አለ። የጤና ሚኒስቴር የሚሠራበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው ፕሮግራምም በሃይበርኔት ይጠቀማል። አስተርጓሚው ትጉህ ነው፤ ነገር ግን ጳጉሜንን ካላስተማሩት አያውቅም።

በጃንጎ ትምህርቱ አዲስ የዓምድ ዓይነት መፍጠር ነው። ይኸውም ሁለት ሥራ ይሰጠዋል፤ ሲያስቀምጥ የእኛን ቀን ወደ አውሮፓውያን ይለውጣል፣ ሲያወጣ ወደ እኛው ይመልሳል። እንግዲህ የፀሐይ ልደት በዳታቤዙ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 ሆኖ ይቀመጣል፤ በመስኮቱ ላይ ግን ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ተብሎ ይነበባል። በሃይበርኔት ይህንኑ የሚሠራው አትሪቢዩት ኮንቨርተር ይባላል። አንዳንዶች ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ማስቀመጥ ይመርጣሉ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ስንፍና ነው፤ «ጳጉሜን 6» የሚል ጽሑፍ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሊሰለፍ አይችልምና።

ስምም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ልጆች ናቸው። ስሙን ወላጆች እንደ ጻፉት መተው ይገባል እንጂ ፊደሉን ማረም አይገባም። ይልቅስ ኦብጀክቱ ሊቀመጥ ሲል ፀን ወደ ጸ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ የለወጠ ሁለተኛ ስም ለፍለጋ ብቻ በሌላ ዓምድ እንዲጻፍ «ሴቭ» የተባለውን ሥራ ማሻሻል ነው።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጃንጎ የብዙ ረድፎችን ስም በአንድ «አፕዴት» ትእዛዝ ሲለውጥ «ሴቭ»ን አይጠራም። የዓምዱ ዓይነት ቀኑን ያን ጊዜም ይተረጉማል፤ የመፈለጊያው ስም ግን እንደ አሮጌው ይቀራል፤ ልጅቱም በአዲሱ ስሟ ብትፈለግ አትገኝም። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነቱ ትእዛዝ በኋላ የመፈለጊያውን ዓምድ እንደ ገና ማስላት ነው።