በቬትናም የሚሸጠው ስም፤ ትርፉና ዕዳው

ማክዶናልድስ የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 በሆ ቺ ሚን ከተማ፣ በቀድሞዋ ሳይጎን፣ የመጀመሪያ በሩን ሲከፍት ሕዝቡ ተሰልፎ ነበር የጠበቀው። በአንድ ወር ውስጥ 400 ሺህ ደንበኛ ማስተናገዱን ኩባንያው አስታወቀ። በአሥር ዓመት ምግብ ቤቶቹን 100 ለማድረስ መታቀዱም አብሮ ተነገረ። አሥሩ ዓመት ሲሞላ ግን የተከፈቱት 40 እንኳ አልደረሱም። በእስያ ገበያ የታወቀ ስም ገዝቶ ለመነገድ የሚያስብ ሰው ሰልፉን ትቶ ይህን ቁጥር ቢይዝ ይሻለዋል።

ቬትናም የምታጓጓ አገር መሆኗ አያጠራጥርም። በ1986 “ዶይ ሞይ” በተባለው የኢኮኖሚ ማሻሻያ ለግል ንግድ በሯን መክፈት ጀመረች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1994 የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ተነሣላት፤ በጃንዋሪ 2007 የዓለም የንግድ ድርጅት አባል ሆነች። ሕዝቧ በ2023 ከ100 ሚሊዮን አልፏል። በ2000 ከ500 ዶላር በታች የነበረው የነፍስ ወከፍ ገቢ ዛሬ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ፍራንቻይዝ ማለት ባጭሩ ስምና አሠራር መከራየት ነው። ተከራዩ የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፣ ሱቁን በራሱ ገንዘብ ያቆማል፣ ከዚያም ከሽያጩ በመቶኛ የተሰላ ሮያሊቲ ያወጣል። በቬትናም ይህ መንገድ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሪቱ የዓለም የንግድ ድርጅትን ስትቀላቀል በገባችው ቃል መሠረት፣ የውጭ ባለሀብት በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ምግብ ቤት መክፈት የሚችለው ከሆቴል ሥራ ጋር አያይዞ ብቻ ነበር። በመሆኑም እስከ 2015 ድረስ ስሙን ለአገሬው ሰው ማከራየት ቀላሉ በር ነበር። የማክዶናልድስን ውል የወሰደው ሄንሪ ንጉየን፣ ቬትናም ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ባለሀብትና የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር አማች ነው። ስታርባክስም በ2013 የገባው በሆንግ ኮንጉ ማክሲም ግሩፕ በኩል ነው። ትልልቁ ውል በትልልቅ እጅ መያዙን ልብ ይሏል። ለመካከለኛው ነጋዴ የሚቀርበው ከዚህ ዝቅ ያለው ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ተፎካካሪው መንገድ ዳር ተቀምጧል

ቢግ ማክ ገበያ በገባበት ሰሞን ዋጋው 60 ሺህ ዶንግ፣ ማለትም ወደ 3 ዶላር የሚጠጋ ነበር። “ባን ሚ” የሚባለው ሥጋ፣ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል የሚሞላበት የአገሬው ሳንዱች በዚያ ገንዘብ ሦስት ይገዛል። ደግሞም ፈጣን ምግብ ለቬትናማዊ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመንገድ ዳር ሻጯ ደንበኛው ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። የአሜሪካው ኬ.ኤፍ.ሲ. በዲሴምበር 1997 ገብቶ ለዓመታት በኪሳራ ቆይቷል። በኋላ ዶሮውን ከሩዝ ጋር ማቅረቡ ነው ከአገሬው ገበታ ጋር ያስታረቀው። በ2005 የገባው የፊሊፒንሱ ጆሊቢም ዶሮውን ከሩዝና ከጣፈጠ ስፓጌቲ ጋር እየሸጠ በ2024 ከ200 ሱቅ በላይ ደርሷል።

የቡናው ነገር ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ቶሎ ይገባዋል። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ የዓለም ሁለተኛዋ ቡና አምራች ስትሆን፣ አብዛኛው ምርቷ ሮቡስታ ነው። ሕዝቡ በትንሽ የብረት ማጥለያ የተንጠባጠበውን ወፍራም ቡና ከጣፋጭ የጣሳ ወተትና ከበረዶ ጋር፣ በአጭር የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። ቡና ለሚያውቅ ሕዝብ የውጭ ቡና ቤት የሚሸጥለት ወንበሩንና የቀዘቀዘውን አየር ነው፤ ይህ ደግሞ በኪራይ የሚገኝ ዕቃ ነው። ስታርባክስ አሥር ዓመት ሠርቶ ከ100 ሱቅ ብዙም ሳያልፍ፣ እዚያው የተመሠረተውና ዛሬ አብዛኛው ድርሻው በጆሊቢ የተያዘው ሃይላንድስ ከ700 በላይ አለው። ግሎሪያ ጂንስ በ2017 ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቷል። ስታርባክስ ራሱ በሆ ቺ ሚን እምብርት የነበረውን ልዩ ሱቁን በኦገስት 2024 ዘግቷል፤ ለቤቱ በወር ወደ 30 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ኪራይ መጠየቁን የአገሪቱ ጋዜጦች ጽፈዋል።

አይስክሬም ሻጩ ትርፉን ከየት ያገኛል?

እነዚህ ሁሉ ባለ ትልቅ ካፒታል ናቸው። አነስተኛ ገንዘብ ያለውን ሰው በገፍ የሳበው ግን ሚሹዌ የተባለው የቻይና አይስክሬምና ሻይ ሻጭ ነው። በ2018 ሃኖይ የገባው ይህ ድርጅት እስከ ሴፕቴምበር 2024 ድረስ በቬትናም ብቻ 1,304 ሱቆች ነበሩት። አንዱ አይስክሬም 10 ሺህ ዶንግ ሲሸጥ፣ የግማሽ ዶላር ያህል እንኳ አይሆንም። ሱቆቹ ከሞላ ጎደል የአካባቢው ነጋዴዎች ንብረት ናቸው።

ድርጅቱ ሆንግ ኮንግ ላይ አክሲዮን ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ እንደገለጸው፣ ከገቢው ከመቶ 97 ያህሉ የሚመጣው ጥሬ ዕቃና መሣሪያ ለሱቅ ባለቤቶች ከመሸጥ ነው። ከስም ኪራይ የሚያገኘው ኢምንት ነው። እንግዲህ የሚሹዌ ዋነኛ ደንበኛ አይስክሬም የሚልሰው ልጅ ሳይሆን ሱቁን የከፈተው ነጋዴ ነው ማለት ይቻላል። ዋጋ ሲቀነስ የሚሸጠው ብዛት ይጨምራል፤ ብዛቱ ሲጨምር ከአቅራቢው የሚገዛው ዱቄትና ወተት ይጨምራል፤ ከእያንዳንዱ ኩባያ ላይ የሚጎድለው ግን ከባለሱቁ ኪስ ነው። በ2023 መጀመሪያ ላይ የዋጋ ቅናሽ ሲታወጅ በሃኖይ የሱቅ ባለቤቶች ተሰብስበው ተቃውሞ ያሰሙት ለዚህ ነበር። በ2025 ደግሞ ድርጅቱ በቬትናምና በኢንዶኔዥያ ያሉትን ሱቆች “እያስተካከለ” መሆኑን ገልጿል፤ ከቻይና ውጭ ያሉት ሱቆቹም በዚያ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በቁጥር ቀንሰዋል። ማስተካከል የተባለው መዝጋትንም ይጨምራል።

በሮያሊቲ የሚሠራውም ቢሆን ለሻጩ እንጂ ለገዢው የተመቸ አይደለም። ለምሳሌ ያህል አንድ ሱቅ 100 ብር ሸጠ እንበል። 35 ለጥሬ ዕቃ፣ 25 ለኪራይ፣ 20 ለሠራተኛ፣ 8 ለመብራትና ለልዩ ልዩ፣ 6 ለሮያሊቲ፣ 4 ለጋራ ማስታወቂያ ቢወጣ፣ ለባለሱቁ 2 ብር ይቀረዋል። አከራዩ 3 ብር ቢጨምርበት ባለሱቁ 1 ብር ይከስራል፤ የባለስሙ 6 ብር ግን ንቅንቅ አይልም። ሮያሊቲ የሚታሰበው ከሽያጭ ላይ እንጂ ከትርፍ ላይ አይደለምና።

የቬትናም ሕግ ለገዢው ጥቂት መከላከያ ያስቀምጣል። በ2005 የወጣው የንግድ ሕግና የ2006ቱ ድንጋጌ የውጭ ፍራንቻይዝ ሻጭ ሥራው ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየ እንዲሆን፣ በኢንዱስትሪና ንግድ ሚኒስቴር እንዲመዘገብ፣ እንዲሁም ስለ ድርጅቱ የተሟላ መግለጫ ውሉ ከመፈረሙ ቢያንስ 15 የሥራ ቀን አስቀድሞ ለገዢው እንዲሰጥ ያስገድዳሉ። ሆኖም ሕጉ ኪራይን አያስታግስም፤ ሁለተኛ ሱቅ በሁለት መቶ ሜትር ርቀት እንዳይከፈት የሚከለክልም በውሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።

ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ፒዛ ሃት በ2018 አዲስ አበባ የገባው በአገር ውስጥ ድርጅት አማካይነት ነው፤ በ2024 የወጣው መመሪያ ደግሞ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። ስም አከራዮች በሩን ማንኳኳታቸው እንደማይቀር መገመት ይቻላል። ያን ጊዜ ከመግቢያ ክፍያው በፊት መታየት ያለባቸው ሦስት የውል አንቀጾች አሉ፦ ጥሬ ዕቃውን ከማን የመግዛት ግዴታ እንዳለ፣ የመሸጫ ዋጋን ማን እንደሚወስን፣ የቤቱ ኪራይ ውል ደግሞ ከፍራንቻይዙ ውል ቀድሞ ያልቅ እንደሆነ።