ለነርሲንግ ሆም ሲባል ብርን ለልጅ መስጠት ያዋጣል?

ሜሪላንድ ያለች አክስቴ ደወለች። «ዶክተርዬ፣ የመርሳት በሽታ ጀምሮሻል ተባልኩ። ነርሲንግ ሆም ሳይበላው ያለችኝን ብር ለልጆቼ ላካፍል?»

ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ወላጅ ስላላችሁ እዚህም ልንገራችሁ። ሜዲኬር ነርሲንግ ሆም የሚከፍለው ከሆስፒታል በኋላ ለማገገሚያ፣ ቢበዛ 100 ቀን ነው። ከዚያ በላይ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ጥሪት ካለቀ በኋላ ነው። ሲያመለክቱ ያለፉትን 5 ዓመታት የባንክ ሒሳብ ያያል። በነፃ የተሰጠ ብር ካገኘ ይቀጣል፦ የነርሲንግ ሆም የወር ዋጋ 10,000 ዶላር ነው ብንልና 60,000 ሰጥተው ከሆነ፣ 6 ወር አይከፍልም።

ክፋቱ፣ ቅጣቱ የሚቆጠረው ብሩ ከተሰጠበት ቀን አይደለም። እጅ ባዶ ሆኖ፣ ታማሚው እንክብካቤ ፈልጎ ሲያመለክት ነው። ልጆቹ ያኔ ብሩን አጥፍተውት ይሆናል!

«በዓመት 19,000 ይፈቀዳል ብለውኛል» አለች። እሱ የ2025 የግብር ሕግ ነው፤ ሜዲኬይድ አያውቀውም። ለአገር ቤት የሚላከውም ስጦታ ነው ስላት ዝም አለች።

ቤት ላይ ግን ልዩ ሁኔታ አለ። ወላጁ ነርሲንግ ሆም ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት አብሮ ኖሮ ያስታመመ ልጅ ቤቱ ቢዞርለት ቅጣት የለውም፤ ማስረጃ ይጠየቃል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እንደ ሐኪም ያስቸኮልኳት በውክልናው ነው፤ ዛሬ የምትፈርመውን ተረድታ ትፈርማለች፣ በሽታው ከገፋ ግን ላትችል ትችላለች።

የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ ቀጠሮ ይዛለች። ለቤቱ ጣሪያ ብር የሚጠብቀውን አጎቴን ግን «አንተው ንገረው» ብላኛለች።