ቁጠባ ወይስ አክሲዮን? ባልና ሚስት ሊነጋገሩበት የሚገባ

በባቡሩ ጠረፍ ከተማ በደወሌ የሚኖሩ ባልና ሚስት 30,000 ብር አጠራቅመዋል እንበል። ባል «አክሲዮን እንግዛበት» ይላል፤ ሚስት «የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያስ?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። በዚህ ስሌት 30,000 ብር ከግብር በፊት በዓመት 2,100 ብር ይወልዳል፤ በተፈለገ ቀንም ይወጣል። ነገር ግን የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ የገንዘቡ ቁጥር ቢጨምርም የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል።

ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። አክሲዮን የትርፍ ድርሻ ያስገኛል። ሆኖም ድርጅቱ ካላተረፈ ድርሻ አይኖርም፤ በቸገረ ቀንም ገዢ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ የሚስት ጥያቄ ይቅደም። የትምህርት ቤቱ ክፍያና የጥቂት ወራት አስቤዛ በባንክ ይቀመጥ፤ ለዓመታት የማይነካው ብቻ ለአክሲዮን ይሁን። ተበድሮ መግዛት ግን አይገባም። ከመፈረማችሁ በፊት አብራችሁ ጸልዩ፣ አብራችሁም አስሉ፤ ጌታ በሉቃስ 14 ወጪን አስቀድሞ ስለ ማስላት አስተምሯልና። ከቤታችሁ ሰላም የሚበልጥ ትርፍ የለም።