ተመሳሳይ ፕሮግራሞችን ማዋሃድ ሁልጊዜ ወጪ ይቀንሳልን?

ሁለት የመንግሥት ተቋማት ለአንድ ዓላማ ሁለት ሳተላይት ቢያመጥቁ ወጪው የሚሸፈነው ከግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ የሚከታተለው ለኮንግረሱ የሚሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ሲኾን፣ እ.አ.አ ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ በጉዳዩ ላይ ሪፖርት ያቀርባል።

ይኹን እንጂ ተመሳሳይነት ሁሉ ብክነት አይደለም። ሥራው አንድ ነውን? ተጠቃሚውስ? አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋልን? የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ አለባቸው።

የአየር ትንበያ ሳተላይቶች ታሪክ ለዚህ ማሳያ ነው። በሰሜንና በደቡብ ዋልታዎች በኩል ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶችን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርና የሲቪሉ የውቅያኖስና ከባቢ አየር አሥተዳደር ለየብቻ ያመጥቁ ነበር። እ.አ.አ በ1994 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ወጪ ለመቆጠብ ሁለቱ ፕሮግራሞች እንዲዋሃዱ አዘዙ፤ ናሳም ተካተተበት። ነገር ግን የተቋማቱ ፍላጎት የተለያየ በመኾኑ ውሳኔዎች ዘገዩ። መጀመሪያ 6 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተው ወጪም ወደ 15 ቢሊዮን ተጠጋ። በ2010 የጋራ ፕሮግራሙ ተቋርጦ ተቋማቱ ዳግም ተለያዩ።

ጉዳዩ ከአሜሪካ ድንበር ይሻገራል። ሳተላይቶቹ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይም ያልፋሉ፤ የሚሰበስቡት መረጃ አርሶ አደሩ የዘር ወቅቱን ለመወሰን ለሚጠብቀው የዝናብ ትንበያ ግብዓት ይኾናል። ስለዚህ ፕሮግራሞች ከመዋሃዳቸው በፊት የሚቆጠበው ገንዘብ ብቻ ሳይኾን ሊጓደል የሚችለው መረጃም ሊመዘን ይገባል።