«ቀጠራችሁኝ፤ ሌላ ምን ልጠይቅ?»

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ስሠራ ነው። የእሳት አደጋ ልምምድ ነበረን። ሳይረኑ ጮኸ፤ ሠራተኛው የስፌት መኪናውን እያጠፋ ወደ ግቢው ወጣ። ዝርዝሩን ይዤ ስም ስጠራ አንድ ሰው ጎደለ። ተመልሰን ስንገባ በሦስተኛው መስመር ጫፍ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ባዞረችበት ወንበር ላይ፣ አንዲት ወጣት አንገቷን ደፍታ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። መስማት የተሳናት ናት። እውነተኛ እሳት ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

የመስመሩ ኃላፊም እንደኔው ደንግጦ ነበር። «የሚያስፈልጋትን ለምን ቀድማ አልነገረችንም? ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እኮ!» አለኝ። ጥያቄውን ጽፌ ሰጠኋት። ከጨርቁ እስር ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ ገልብጣ በጀርባው መለሰችልኝ፦ «ቀጠራችሁኝ፤ ሌላ ምን ልጠይቅ?»

ካርዱን ዛሬም አስቀምጬዋለሁ። እሷን ስንቀጥር ቢሮ ውስጥ የተባለውን አስታወሰኝ። «ለነፍሳችንም ይሆናል» ነበር ያልነው። ከልባችን ነው ያልነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ነገር ግን ለነፍስ የተቀጠረ ሰው ባለዕዳ ሆኖ ነው ሥራ የሚጀምረው። ባለዕዳ ያመሰግናል እንጂ አይጠይቅም። ያ ዝምታ ሕይወቷን ሊያስከፍላት ይችል ነበር።

ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የአካል ጉዳተኞችን ሥራ የማግኘትና የመሥራት ጉዳይ መብት ብሎ ነው የሚጠራው። አሠሪው የሥራውን ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ሠራተኛው በጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብሎ ሲከስም የማስረዳቱን ሸክም ከእሱ ላይ ያነሳል። ይህን አዋጅ ፋይል ውስጥ አስቀምጬ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሕጉ እሷን እስከ ፋብሪካው በር አድርሷታል፤ ከበሩ እስከ ወንበሯ ያለው መንገድ የእኛ ሥራ ነበር።

ሥራው ውድ አልነበረም። ሳይረኑ ሲጮህ አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት በየመስመሩ ተሰቀለ። ወንበሯ ወደ አዳራሹ ዞረ። አጠገቧ የሚሠሩት በምሳ ሰዓት ጥቂት ምልክቶችን ከራሷ ተማሩ፤ «ተነሺ»፣ «ክር ተበጠሰ»፣ «ውጪ»። ኃላፊው ጠዋት ጠዋት በቃል የሚሰጠውን ትእዛዝ በሰሌዳ ላይ እየጻፈና እየሣለ ማስረዳት ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከገጠር የመጡ፣ አማርኛ ገና ያልቀናቸው ልጆች ከሰሌዳው ሥር ተሰብስበው ሥዕሉን ይከተላሉ። እነሱም እስከዚያች ቀን ድረስ የሚባለው ሳይገባቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ይወጡ ነበር። እነሱም አልጠየቁንም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አስገባሁ። አዲስ ሠራተኛ በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ይሁን ማን፣ «ሥራህን በደንብ እንድትሠራ ምን ይመቻችልህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለሁሉም መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ለአንድ ሰው ብቻ ሲቀርብ ጥያቄው ራሱ ውለታ ይመስላል፤ ለሁሉም ሲቀርብ ግን የቤቱ ሥርዓት ይሆናል። መልሱም ብዙ ነገር ያሳያል። አንዱ የዓርብ ጸሎትና የምሳ ተራው እንደሚጋጭበት ይናገራል። ከወሊድ የተመለሰች እናት ጡቷን የምታልብበት፣ በር ያለው ክፍል ትጠይቃለች። ሌላዋ የማታ ፈረቃ ስትወጣ መንገዱ ጨለማ እንደሆነ ትነግረናለች። ሁሉንም ማሟላት አልቻልንም። ያልቻልነውን ከነምክንያቱ መንገርም የሥርዓቱ አካል ሆነ።

የሥራ ባልደረቦቼ ልዩ ልዩ ሰዎችን ያቀፈ መሥሪያ ቤት መገንባት በምን እንደሚታወቅ ሲጠይቁኝ፣ የቅጥሩን ቁጥር ብቻ አትቁጠሩ እላቸዋለሁ። ማን ስሞታ እንደሚያቀርብና ማን ዝም እንደሚል ተመልከቱ። ውለታ ያለበት ሰው አይከራከርም። ቤቴ ነው ያለ ሰው ግን ይከራከራል።

ከወራት በኋላ ያቺ ወጣት ቢሮዬ መጣች። ፊቷ ተቆጥቷል። ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠችው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ወንበሩ ዝቅ ይላል፤ ጀርባዬን አሞኛል። ካሁን በፊት ለኃላፊው ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። መቼ ነው የሚቀየረው?»

በዚያው ቀን አስቀየርኩት።