ከኢላማ ሜዳ ወደ ኪስ የገባችው ጥይት

ጠንካራ ምት ያለው ሁሉ ጎል አያገባም። የኳስ ተመልካች ይህን ካወቀ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ራሳቸውን ለመከላከል ትንሽ ሽጉጥ የሚይዙ ሰዎች ግን እውነቱን የተረዱት እጃቸው ከታመመ በኋላ ነው።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 «ቺፍስ ስፔሻል» የተሰኘችውን በርሜለ አጭር ሪቮልቨር ይዞ ብቅ አለ። የምትጎርሰው አምስት ጥይት ብቻ ነው፤ በርሜሏም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በኋላ የመጡት እህቶቿ በአሉሚኒየም እየተሠሩ ክብደታቸው ከግማሽ ኪሎ በታች ወረደ። 357 ማግነም የሚተኩሱና ወደ 340 ግራም ብቻ የሚመዝኑም ተሠሩ።

ለኪስ ተመቹ፣ ለእጅ ግን መከራ ሆኑ። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ርግጫው ይብሳል። ተኳሹ ርግጫውን እየፈራ ምላጩን ሲስብ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሁለተኛዋ ጥይትም ትዘገያለች። ይባስ ብሎ ርግጫው ገና ያልተተኮሱትን ጥይቶች እርሳስ ከቀለሁ ወደ ፊት ጎትቶ ሽጉጡን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል።

ሌላም ጣጣ አለ። ጫፏ የተቦረቦረ ጥይት ሰውነት ውስጥ ስትገባ እንድትከፈት የተሠራች ናት። ለዚህ ግን ፍጥነት ያስፈልጋታል፣ አጭር በርሜል ደግሞ ፍጥነት ይቀንሳል። ቀዳዳዋ በወፍራም ልብስ ከተደፈነም ላትከፈት ትችላለች።

ጥልቀት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የታየው ሚያዝያ 1986 (እ.ኤ.አ.) ማያሚ ላይ ነው። ከኤፍ.ቢ.አይ. ጋር ከተታኮሱት ሁለት ተጠርጣሪዎች አንዱን የመታችው ጥይት ልቡ ጋ ሳትደርስ ቆመች። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ፤ ሁለት የኤፍ.ቢ.አይ. ባልደረቦችም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ሥጋን በሚመስል ጄሊ ጥይት ሲፈትን ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር እንድትገባ ይፈልጋል።

መላው የተገኘው ከወደ ስፖርቱ ነው። «ዋድከተር» የምትባለው ጥይት ጫፏ ድፍን፣ ጠፍጣፋ ነው። የኢላማ ተወዳዳሪዎች የወደዷት ወረቀቱን በመብሻ የተበሳ ያህል ጥርት አድርጋ ስለምትቀድ ነው፤ ዳኛ ነጥብ ሲቆጥር አያከራክርም። ባለ 38ቷ እርሳሷ 148 ግሬይን ወይም 9.6 ግራም ይመዝናል። ባሩዷ ትንሽ ስለሆነ ርግጫዋ የዋህ ነው። መከፈት ስለማይጠበቅባትም ጥልቀት አታጣም። እንከኗ ጠፍጣፋ አፍንጫዋ በጥድፊያ ለማጉረስ አለመመቸቱ ነው።

የምትከፈት ጥይት የሚፈልግ ደግሞ ስፒር ኩባንያ ለአጭር በርሜል ብሎ የሠራት ባለ 135 ግሬይን «ጎልድ ዶት» አለችለት። ርግጫዋ ግን ከዋድከተር ይበረታል።

እዚህ ጨዋታ ውስጥ ተቀያሪ የለም፣ ያሉት አምስት ምቶች ብቻ ናቸው። የሳተችው ጥይትም አውት ወጥታ አትቀርም፤ መንገደኛ ወይም የጎረቤት ልጅ ልታገኝ ትችላለች። ስለዚህ ባለሽጉጡ በራሱ ሽጉጥ ተኩሶ መሞከርና አምስቱንም ኢላማ ላይ የሚያሳርፍበትን ጥይት መምረጥ አለበት። አግዳሚውን በኃይል ማነቃነቅ ጎል ተብሎ አይመዘገብም።